ፀሐይ ፍለጋ የሄደው ስፖኪዮ

ሰኞ

የፕሪንተሩ ሄድ፣ ቀለም የሚረጨው ጫፉ፣ ዛሬም ተደፍኖ ጠበቀኝ። ዓርብ ስወጣ ደህና ነበር። ሁለት ቀን ሳይሠራ ሲቀመጥ ቀለሙ ውስጡ ደረቀ። ቀለም እለዋለሁ እንጂ ወተት የመሰለ ውሃ ነው፤ ውስጡ ዓይን የማያየው የሴራሚክ ብናኝ አለ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚሉት። የማስተርስ ሥራዬ እሱን በተራ የፎቶ ፕሪንተር መስታወት ላይ ማተም ነው። ከተሳካ የዝናብ ውሃ መስታወቱ ላይ ጠብታ ሆኖ አይቀመጥም፤ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ይወርዳል። ሐምሌ ላይ መቱ ውስጥ ባጃጅ የነዳ ሰው ጥቅሙን ያውቃል።

አማካሪዬ ዶክተር ጫላ ለሥራ ወደ ጎሬ ሲወጡ ኮሪደር ላይ አገኙኝ። "ዓርብ ስመለስ የሚሠራ ነገር አሳይኝ። ላብራቶሪ ውስጥ አይደለም፣ ባጃጅ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ። ካልሆነ ርዕስ እንቀይር፤ አፈር ላይ ብዙ ሥራ አለ" አሉኝ። አፈር አልጠላም። ግን ይኼን ማሽን ስንት ጊዜ አባብዬ አሁን ልተወው?

የሞከርኩት፦ ለብ ያለ ውሃ በሲሪንጅ። ቀለሙን እንደገና ማጥለል። ትንሽ ስድብ። ከምሳ በኋላ ተከፈተ።

ማክሰኞ

የክፍላችን ጸሐፊ እትዬ አስቴር ቀለም አልቆባቸው የፈቃድ ደብዳቤያቸውን ወደ እኔ ፕሪንተር ላኩ። ነጭ ወረቀት ወጣ። ደገሙ፣ አሁንም ነጭ። "ይኼ ማሽን እኔን ነው እንዴ የሚንቀው?" አሉ። "ታትሟል እኮ እትዬ፣ አይታይም እንጂ" ብላቸው "እንግዲያው ፈቃዴም አይታይም በይኛ!" ብለው ሄዱ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ማሽኑ ጥቁር የሚያትም ይመስለዋል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ጥቁር ሳጥን እሥላለሁ፣ እሱ በጥቁሩ ፈንታ ወተቱን ይረጫል። የዛሬው ሳጥን በጋሼ ዲንቃ ስፖኪዮ ልክ የተሠራ ነው። ጋሼ ዲንቃ አከራዬ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በባጃጃቸው የሚያደርሱኝም እሳቸው ናቸው። የቀኙን ስፖኪዮ ፈትተው ሰጡኝ። መስታወቱ ድሮ ሲዲ ይገባበት በነበረው የፕሪንተሩ ትሪ ላይ ልክክ አለ። ደራርቤ አተምኩና ማድረቂያ ውስጥ አስገባሁት። የቀረኝ ቀለም በሙሉ አለቀ፤ ዱቄቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሌላ የለም።

ሲበርድ ውሃ ረጨሁበት። ተዘርግቶ ወረደ! ብቻዬን ጮህኩ። ጋሼ ሲገጥሙት "አደራ፣ እንዳይነኩት" አልኳቸው።

ረቡዕ

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጋሼ ዲንቃ ጠዋት ጠሩኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያው ነው እኮ" አሉ። እውነትም ያው ነው። ቀኙም እንደ ግራው ጠብታ በጠብታ ሆኗል። ጠጋ ስል ናፍጣ ሸተተኝ።

"ጋሼ፣ ጠርገውታል እንዴ?"

"እንዴታ! ዩኒቨርሲቲ የሠራውን ነገር ጭቃ አስይዤ ልዙር?"

ለካ ማታ ማታ ባጃጃቸውን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ይወለውላሉ። ትናንት ደግሞ ያንን ስፖኪዮ ለክብሩ ብለው ከሁሉም አብልጠው ወልውለውታል። ቅባት ባለበት ውሃ የት ይዘረጋል? "አደራ ብዬ ነበር እኮ!" አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ። ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ዋለ፤ ስለ መስታወቱም፣ ስለ ድምፄም።

ሐሙስ

በሳሙና አጠብኩት። ትንሽ ተሻለ እንጂ አልዳነም።

አንድ ተስፋ አለ። ይኼ ብናኝ ጥሩ ፀሐይ ካገኘ ላዩ ላይ የቀረውን ቅባት ራሱ ያጠፋዋል። ጥቂት ሰዓት ብቻ። ሐምሌ፣ መቱ፣ ፀሐይ! ሰው ሁሉ ዝናብ ሲለምን እያየሁ ያደግኩ የሃይማኖተኛ ቤተሰብ ልጅ ነኝ፣ ዛሬ ግን ተገላቢጦሹን ለመንኩ። መስታወቱን መስኮት ላይ አስደግፌ ሰማይ ሰማይ ሳይ ዋልኩ። ፀሐይ ግን ብልጭ አላለችም።

ማታ ጋሼን ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ጠየቅኳቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው። ስልካቸውን አነሱ። ጎሬ ወዳጃቸው ጋ ደወሉ፤ ጉም ነው። ኡካ በምትባለው ከተማ ያሉት እህታቸው ጋ ደወሉ። ስለ ፀሐይ የሚጠይቁት የታመመ ዘመድ የሚጠይቁ ያህል ነበር።

ዓርብ

ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ተንኳኳ። "ኡካ አዱን ባቴ! ፀሐይ ወጥታለች!" ጋሼ ዲንቃ ባጃጃቸውን አቁመው፣ መስታወቱን በንጹህ ወረቀት ጠቅልለው ሚኒባስ ተሳፈሩ።

እኔ ቢሮ ስቁነጠነጥ እህታቸው ደወሉልኝ። "በርጩማ ላይ ተቀምጦ መስታወት ፀሐይ ያስሞቃል። ዶሮ እንኳ አያስጠጋም። ወንድሜን ምን አደረግሽው?" አሉኝ።

ከሰዓት ባጃጃቸውን ይዘው ዩኒቨርሲቲው ግቢ መጡ፣ ግንባራቸው ቀልቶ። እየገጠሙት ሳለ ደመናው መጣ። ከጎሬ የተመለሱት ዶክተር ጫላ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ዝናቡ ወረደ፤ ዘንድሮ ዝናብ ሲጥል ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ግራው በጠብታ ተሞላ። ቀኙ ላይ ውሃው ዝርግት ብሎ ወረደ። በሩ፣ ዛፉ፣ ፋይል ራሳቸው ላይ ደፍተው የሚሮጡት እትዬ አስቴር፣ ሁሉም ጥርት ብለው ታዩ። ዶክተር ጫላ የሹፌሩ ቦታ ላይ ቁጭ ብለው ብዙ አዩት።

"ርዕሱ ይቆይ" አሉ። የኡካውን ጉዞ ነገርኳቸው። "ግን በየሳምንቱ ኡካ ሊኬድ አይቻልም። በደመናም የሚሠራ አድርጊው።"

እንዴት እንደሚሆን ገና አላውቅም።

ቅዳሜ

ይዘንባል። ጋሼ ዲንቃ መጥተው ያንን መወልወያ ጨርቅ አጣጥፈው ሰጡኝ። "አንቺ ጋ ይቀመጥ። እጄን አላምነውም" አሉ።

በሩ ጀርባ ሰቀልኩት። ክፍሉ በሙሉ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። መስኮት ብከፍት ዝናቡ ይገባል። ይሽተት።