ሰባት ቤት የተቆጠረ ዕለት

ኮልፌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የፍቼ ብርድ ጉልበትሽን አላስቸገረሽም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ይሄን ደብዳቤ ለማንም ሰጥተሽ እንዳታስነብቢ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል መቁጠርሽ የጠቀመኝ ዛሬ ነው።

ሐኪሟ ስለ ዝምድና መጠየቋን ልኬብሽ ነበር፤ ሾፌሩ ባጫም መልእክትሽን አድርሶኛል። «ዘር ቆጠራ ውስጥ ሐኪም ምን ጥልቅ ያደርጋታል? ሁለተኛ እንዳትሄጂ» ብለሻል አሉ። እማዬ፣ ተናደድኩ። ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ አዝለሽኝ ጤና ጣቢያ የሮጥሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሐኪም መፍራት ከየት መጣ?

ሐኪሟ ያለችኝን ልድገምልሽ። ሁለቱም ልጆቼ ደህና ተወልደው፣ መቀመጥ በሚጀምሩበት ጊዜ ሰውነታቸው እየላላ፣ አንገታቸውን ማቅናት አቅቷቸው እንደሞቱ ነገርኳት። እሷ በተማረችበት አገር ከእርጉዝ ማህፀን ውሃ በመርፌ ቀድተው ሕፃኑ በሽታ ይኑርበት አይኑርበት ያያሉ። እዚህ ግን ያ ሁሉ የለም፤ ያለው ጥያቄ ብቻ ነው። ከባልሽ ጋር ትዛመዳላችሁ ወይ አለችኝ። ዝምድና ካለ በሽታው የዘር ሊሆን ይችላል፣ ሆዴ ውስጥ ላለውም ያሰጋል። ከሌለ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ተስፋ አለኝ። እኔም ሳቅሁባት። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተዳርኩት አልኳት።

ስኳር ለመውሰድ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ይሄንኑ ለጎረቤቶቼ አነሳሁ። ዘመነች ተቆጣችኝ፤ ያልተወለደ መመርመር እግዚአብሔርን መፈታተን ነው፣ አውቀሽስ ምን ልትሆኚ፣ እስክትወልጂ የከፈን ጥጥ ልትፈትዪ ነው ወይ አለች። ዱሬቲ ግን የቀበረ ነው የሚያውቀው፣ እኔ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ልቤን አዘጋጅ ነበር አለች። እኔ ከዱሬቲ ጋር ነኝ። ሳላውቅ ሁለት ቀብሬያለሁ።

መልእክትሽ ከደረሰኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ትዝ ይልሻል? አባቴ የእኛን ወገን ቆጥሮ ጨረሰ። የበዛብህ ወገን ሲቆጠር፣ የአጎቱ የግራዝማች ተክለማርያም ስም ሲጠራ፣ ብድግ ብለሽ ጓዳ ገባሽ፤ ተመርቆ እስኪያልቅም አልወጣሽም። ዓይንሽ ቀልቶ ሳይሽ ሽንኩርቱ ነው አልሽኝ። ሽንኩርቱን የከተፈችው ግን አክስቴ ነበረች። የሁለተኛዋ ልጄ ቀብር ላይም «የኔ ጣጣ ነው» እያልሽ ደረትሽን ስትመቺ፣ እንደ ማንኛዋም ሐዘንተኛ መስለሽኝ ነበር።

ልጅ ሳለሽ ግራዝማች ግቢ ታገለግዪ እንደነበር አክስቴ በጨዋታ መሃል ነግራኛለች። ሌላ አልጠየቅኋትም። አንቺንም አልጠይቅሽም። ልቆጣሽ ሞክሬ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ዕድሜሽን ሳስበው ግን አለቀስኩልሽ።

በዛብህ ምንም አያውቅም። የወንድም የሴትም ስም መርጦ ጨርሷል፤ ማታ ማታ ሆዴ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

መልስ አትጻፊልኝ። ቆጠራው ልክ ከነበረ፣ እንደ ወትሮው አብሽሽን ይዘሽ ለአራስ ቤቴ ትመጫለሽ፤ ለመውለድ ገና ሦስት ወር ይቀረኛል። ልክ ካልነበረ ግን አሁኑኑ ነይ። ብቻዬን አልችለውም።

እመብርሃን ጤናሽን ትጠብቅልኝ። ያሳደገኝን አባቴንም ነፍሱን ይማርልኝ።

ያንቺው ልጅ