አንድ ዓይናው ጄኔራል ያላለው ቃል፦ የፓ አምብሮዝ ላሃይ የሕይወት ታሪክ

ፓ አምብሮዝ ላሃይ ከአባታቸው ከታንኳ ጠራቢው ከጁሱ ላሃይና ከእናታቸው ከማሚ ያታ እ.ኤ.አ. በ1950 በሞአ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ አፈር በምናለብሳቸው በጎላሁን ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃውን በቦ ከተማ አጠናቀዋል። በ1973 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሶቪየት ኅብረት በመሄድ በኪየቭ የሲኒማ ቴክኒክ ተማሩ። በ1978 ሲመለሱ አንድ የፊልም ማሳያ ማሽንና ስለ ታላላቅ የጦር አዛዦች የተሠሩ የሩስያ ዘጋቢ ፊልሞች ይዘው መጡ።

የመንግሥት ተንቀሳቃሽ ሲኒማ ሠራተኛ ሆነው በየመንደሩ ስለ ወባና ስለ ንጹሕ ውኃ አሳይተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በከተማችን አዳራሽ ነጭ አንሶላ ወጥረው ጄኔራሎቻቸውን ያመጡልን ነበር። ሩስያኛ የሚሰማ ሌላ ሰው ስላልነበረ ፊልሙን በሜንዴ፣ በገዛ ቋንቋችን፣ የሚተርኩልን እርሳቸው ናቸው። በእርሳቸው አፍ ናፖሊዮን በበረዶ መካከል የካሳቫ ቅጠል ወጥ ይናፍቃል፤ ናፖሊዮንን የገጠመው አንድ ዓይናው የሩስያ ጄኔራል ኩቱዞቭም በእኛው ተረት ይሳደባል። “ፓ፣ እውነት እንዲህ ብሏል?” ሲባሉ፣ “እኔ ማሽኑን ብቻ ነው የማዞረው” ይሉ ነበር።

በ1981 ከመምህርት ጄቤ ሳንዲ ጋር፣ ዛሬ አስከሬናቸው ባረፈበት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

እስከዚህ ያለውን የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ አይቶ ፈቅዷል። የቀረውን “በጦርነቱ ወቅት ብዙ ተቸገሩ” በሚል አንድ መስመር እንድንዘጋው ተመክረን ነበር። አንዘጋውም። “የአማፂዎች አስተማሪ” ብሎ ለሃያ አምስት ዓመት ያማቸው ይኸው ጉባኤ ነው። ዛሬም ለቀብራቸው ደወል እንዳይደወል የወሰነው እርሱ ነው። እንግዲያው የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ስሙ።

በ1994 ፓ አምብሮዝ ፊልም ሊያሳዩ ባንዳሁን መንደር በሄዱበት ከነማሽናቸው በአማፂዎች እጅ ወደቁ። ሾፌራቸውን ዓይናቸው እያየ ገደሉት። አዛዡ ራሱን “ማርሻል” ብሎ የሰየመ ሰው ነበር። የእናቱን ቤት ላለማሳፈር ስሙን አልጠራም። ማርሻል ጄኔሬተር አስነሥቶ፣ ጦርነት ሊማርባቸው፣ ፊልሞቹን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አሳየኝ አላቸው።

“አንተ ተርጉም። ከራስህ አንዲት ቃል ብትጨምር ምላስህን ጠብሰህ ትበላታለህ።”

ፓ አምብሮዝ በዚያው ቀን የሚቀጥለው ጎላሁን መሆኑን ሲያወሩ ሰምተዋል። ሚስታቸውና ልጆቻቸው እዚህ ነበሩ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

“ምንድን ነው የሚያንቀጠቅጠው?” አለ ማርሻል።

“ጄኔሬተሩ ነው፣ ጌታዬ።”

ጄኔሬተሩ ውጭ ነበር። የሚንቀጠቀጠው ማሽኑ ላይ ያረፈው የፓ አምብሮዝ እጅ ነው።

ናፖሊዮን ሰው ለቅቋት ባዶ ወደቀረችው ሞስኮ ሲደርስ ማርሻል ተጠጋ። “ያ አንድ ዓይናው ሽማግሌ ምን እያለ ነው?” ሩስያኛው የሚለው ጄኔራሉ ከተማዋን ለቅቆ ሠራዊቱን አተረፈ ብቻ ነው። ፓ አምብሮዝ ግን እንዲህ ተረጎሙ፦

“ጭር ያለ ከተማ ወጥመድ ነው ይላል፣ ጌታዬ። በደረስክበት ቀን እንዳትገባ። ጭር ባለ ቤት እራት የበላ ቁርስ አያይም ይላል።”

“እንደዛ አለ?”

“አለ፣ ጌታዬ።”

“ሰማችሁ?” አለ ማርሻል ወደ ጭፍሮቹ ዞሮ። “ሽማግሌ አትናቁ።”

አማፂዎቹ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከከተማችን ጫፍ ሲደርሱ ሕዝቡ ተኩስ ሰምቶ ወደ ወንዙ ወርዶ ስለነበር ከተማው ጭር ብሎ ነበር። ታንኳው ጥቂት፣ ሰዉ ብዙ። ማርሻል ጦሩን ካካዎ እርሻው ውስጥ አስቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ ጠበቀ። እናንተ በዚያ ጊዜ ተሻገራችሁ። ሲነጋ ገብቶ ባዶ ቤት ሲያገኝ አፈሙዙን በፓ አምብሮዝ አንገት ላይ አሳረፈ።

“ወጥመዱ የታለ?”

“ትናንት ስላልገባን ነው ያመለጥነው፣ ጌታዬ።”

ማርሻል አፈሙዙን አንሥቶ ሳቀ።

ፓ አምብሮዝ ከወራት በኋላ አምልጠው ኬኔማ ከተማ ካለው የተፈናቃዮች መጠለያ ሲደርሱ ይህን ለማንም አልተናገሩም። ማርሻል በሕይወት ነበር። ሰላም ሲወርድም ምሕረት አግኝቶ እዚሁ መስቀለኛው መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት መጠገን ጀመረ። ሞተር በሰሙ ቁጥር እርሳቸው ከነጉርሻቸው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር። ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው አልተቀመጡም። እናንተ “የአማፂ ማስተማሪያ” ብላችሁ ቤታቸው የቀሩትን ፊልሞች አቃጠላችሁ። መዳናችሁን አንዳችሁ በጉባኤው ጾም፣ ሌላችሁ አማፂን በተዋጉት የአውሬ አዳኞች ክታብ አደረጋችሁት። አማፂ ለምን እንደዘገየ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ባለፈው የካቲት፣ ኩላሊታቸው ደክሞ አልጋ ላይ ሳሉ፣ ማርሻል ብርቱካን ይዞ ገባ። ይህን የሚጽፈው የወንድማቸው ልጅ አጠገባቸው ነበር።

“ፓ፣ ልጄ በስልኩ የናፖሊዮንን ፊልም አሳየኝ፤ እንግሊዝኛ ነው፣ ይገባኛል። ያ ሽማግሌ እንደዛ የሚል ቃል አልወጣውም።”

ፓ አምብሮዝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። አንሶላው ተንቀጠቀጠ።

“ፓ፣ እጅዎ ምን ሆኖ ነው?”

“ጄኔሬተሩ ነው፣ ጌታዬ።”

በዚያ ቤት ጄኔሬተር የለም። ማርሻል ብርቱካኑን አስቀምጦ ወጣ። ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ፣ “ያኔ ብነቃባቸው እዚያው እጨርሳቸው ነበር” አለኝ። “ለሕዝቡ ንገር። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?” የቀረውን ፓ አምብሮዝ ራሳቸው በዚያው ሌሊት ነገሩኝ።

አዎ፣ ፈሪ ነበሩ። “ፈሪ ለእናቱ” ይባላል፤ እኚህ ፈሪ ለእናቶቻችሁ ሆኑ።

ፓ አምብሮዝ መጋቢት 9 ቀን 2019 በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው ማ ጄቤ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ በእነዚያም ታንኳዎች የተሻገራችሁ ሁላችሁ ከኋላቸው ቀርታችኋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም ድንገት በር በማይከፍትበት ቤት ያሳርፍልን።

የደወሉ ገመድ ያለው በስተግራ፣ ከበሩ ኋላ ነው።