የመጨረሻው ባዶ ሸክላ

ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.

አሁንም ይንሸራተታል። የማሽኑን ሰሐን የሚያዞረው ጎማ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከባጃጅ የውስጥ ጎማ ቆርጬ አለበስሁት። ይህን ድምፅ በሸክላ መቅረጫ ማሽን ከጎንደር አሮጌ ተራ ሳመጣው አሠራሩን ያሳየኝ የለም፤ ራዲዮ መጠገንስ ማን አስተማረኝ? አብረውት የመጡት ባዶ ሸክላዎች ሦስት። አንዱን ዛሬ አበላሸሁት። ድምፄ እንደ ኮርማ አጓራ።

ሁለት ቀሩ። ቀኑ ደግሞ ይሮጣል። ታላቅ እህቴ እትየ ጥሩ ሰኞ ሳምንት ጉሮሮዋን ትቀደዳለች። ሐኪሙ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሏታል። ከዳባት እስከ አምባ ጊዮርጊስ እሷ ያላለቀሰችለት ሬሳ የለም። ያን ድምፅ ሳልይዘው አላድርም።

ጥቅምት 8

ልምምድ። የራሴን የደረት ራጅ ክብ አድርጌ ቆረጥሁ፣ መሐሉን በሳሁ፣ ቀረጽሁበት። ይንሻሻል፣ ግን ያዘ። መርፌውን ከያዘው ክንድ ኋላ ሁለት ሳንቲም ብለጥፍ መርፌው ቀለለ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ጎረቤት ሁሉ በስልክ ቅረጻት ይለኛል። ስልክ ይሰረዛል። መርፌ የቆረጠው አይሰረዝም።

ጥቅምት 9

ዳባት ደርሶ መልስ። ማሽኑ ጭኔ ላይ፣ ሚኒባሱ ጢም ብሎ። እትየ እንቢ አለች። ሬሳ በሌለበት ሙሾ ሟርት ነው አለች። ትለሳለሳለች ብየ መርፌውን አወረድሁ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሰደበችኝ። «አንተ ግንድ! የአባታችን በቅሎ! ሲጎትቱህ ወደ ኋላ!» መልሼ አሰማኋት። ስድቡ ጥርት ብሏል። ሳቀች፣ ሳቋ ሳል ሆነ።

አንድ ቀረ።

ስወጣ ከደጅ ያዘችኝ። ለበላይ ከሆነ አለቅሳለሁ አለች፤ ለልጅህ። ደህና ሁኚ ሳልላት ሄድሁ።

ጥቅምት 10

አንተ ደብተር፣ ይህን ጽፌብህ አላውቅም። በላይ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ከወረደ ዘጠኝ ዓመቱ። ጓደኛው ማጭዱን ብቻ ይዞልኝ መጣ። ወባ ገደለው፣ እዚያው ቀበርነው አለ። ውሸታም አልሁት። በንጋት ሊያረዱኝ የመጡትን ሁሉ፣ የነፍስ አባቴን ሳይቀር፣ በዱላ አባረርሁ። ከዚያ ወዲህ የደፈረ የለም። ልቅሶ አልተቀመጥሁ፤ ተዝካር አላወጣሁ። ማጭዱ ከሥራ ቦታየ ግድግዳ ላይ ነው። ዛሬ ዘይት ቀባሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅምት 12

ማሽኑ ደህና ነው። ፈታሁት፣ ገጠምሁት። ደግሞ ፈታሁት። አራት ጊዜ። ምንም እንከን አላገኘሁበት። ምሳ አልበላሁም። እስከ ገበያው ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስሁ።

ሰበብ አለቀ።

ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 8 ሰ.

የነፍስ አባቴ ቤት ሄድሁ። አባ መጀመሪያ ያዩት ዱላየን ነው። ደጅ ላይ አስቀመጥሁት። ቅዳሜ ንጋት ሰው ይዘው መጥተው በላይን ያርዱኝ አልኋቸው። መርዶ በቀጠሮ ሰምተው አያውቁም። ዱላየን ደግመው አዩት። «ዘንድሮስ አትመታንም?» አልመታም አልሁ። ለእትየም ላክሁባት፦ ዓርብ ነይ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡40

ብርዱ ጣት ያደርቃል። መብራት አለ። ማይኩን ከምሰሶው አንጠልጥያለሁ። ሸክላው ሰሐኑ ላይ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ የለም። እትየ ጥግ ቁጭ ብላ ለብ ያለ ውሃ ትጎነጫለች። ሬሳ ሲጠፋ የሟች ዕቃ ተይዞ ነው የሚለቀስ አለችኝ። ማጭዱን አውርጄ ሰጠኋት። ጭኗ ላይ አጋደመችው፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ግጥሙን እየሰካካች ነው፦ ሰሊጥ አጫጅ ብየ ቆላ የሸኘሁት፣ ማጭዱ መጣልኝ እሱን የት ጣሉት...

ነጠላየን አዘቅዝቄያለሁ።

ኮቴ ይሰማል። ብዙ ናቸው። አባ ከደጅ ሳሉ።

መርፌውን አውርጄ በሩን እከፍታለሁ።