በአረንጓዴ የተሞላው መጠይቅ

ውድ ዱዓእ፣

ስሜን ስታዪ ደብዳቤውን ሳታነቢ ትቀጂው ይሆናል። አልፈርድብሽም፤ ብቻ ከቻልሽ እስከ መጨረሻው ታገሺኝ።

ዓምና ለልምምድ በመጣሽበት ወር፣ በክፍላችን የከሰዓት ፈረቃ ነርሷ እኔ ብቻ ነበርኩ። የአራተኛ አልጋውን የሐጂ ሙተወሊን የደም ግፊት ሳልለካ ካርዱ ላይ ስሞላ ከኋላዬ ቆመሽ ነበር።

«ሚስ ናግላእ፣ ሐጂ እኮ ራጅ ሊነሱ ወርደዋል። በምን ለኩላቸው?»

«በዓይኔ! ሃያ ዓመት ስትሠሪ አንቺም ትችይበታለሽ» ብዬ ሳቅሁ። አንቺ አልሳቅሽም።

ከዚያ ወዲያ አላመንኩሽም። ደብተርሽን ስትከፍቺ ስለ እኔ የምትጽፊ ይመስለኝ ነበር። ከኃላፊያችን ከሚስ ኢንሷፍ ጋር ቆመሽ ሻይ ስትጠጪ ያየሁሽ ቀንማ አለቀልሽ። በሦስተኛው ሳምንት ሚስ ኢንሷፍ አስጠርተው «ያልለካሽውን ትጽፊያለሽ» አሉኝና ወደ መሣሪያ ማምከኛ ክፍል አዛወሩኝ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም፤ ያወቅሁ መስሎኛላ። በዚያው ቀን የልምምድ መገምገሚያሽን ስሞላ፣ «ታማኝነት» ከሚለው ፊት ከአምስት አንድ ሰጠሁሽ። ዓመቱን እንደደገምሽ ስሰማ ደግሞ እሰይ አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሚስ ኢንሷፍ ጡረታ ወጡ። በሽኝታቸው ላይ ባስቡሳ ኬክ እየበላን «ያቺ ዱዓእ ለእርስዎ ነግራ ጉድ ሠራችኝ» አልኳቸው።

«ዱዓእ? አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም? ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ!»

ስለ ነርሶች እሴት የሚያጠኑ ሰዎች «ስም አይጻፍበትም» ብለው ያደሉንን ወረቀት ታስታውሺዋለሽ? «ያልሠሩትን እንደሠሩ አድርገው መዝግበው ያውቃሉ?» ይላል። እኔም ስም የለውም ብዬ «አዎ፣ አራተኛ አልጋ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን የሰበሰቡት ሚስ ኢንሷፍ ናቸው።

«ጠዋት በሰማያዊ፣ ከሰዓት በአረንጓዴ ነው የምንጽፈው። ያን ወር በአረንጓዴ የሚጽፍ ከአንቺ ሌላ ማን ነበር?» አሉኝ። ማንበብ አልነበረባቸውም። ግን ይህን ለመናገር ምን አፍ አለኝ?

ትናንት ትምህርት ቤትሽ ሄጄ ነጥብሽ እንዲታረም አመለከትኩ። ጸሐፊው «ምክንያት?» ሲለኝ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩለት። የደገምሽውን ዓመት እንደማይመልስልሽ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ ማለትም ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ይቅር በይኝ።

ካላመንሽኝ ሄደሽ ማመልከቻውን እይው። ስሜን ከነአባቴ ጽፌበታለሁ፣ በአረንጓዴ።

ናግላእ ዐብደልመውላ
ጣንጣ