ቁልቁለቱን ሰርቆ ዳገቱ የጠፋበት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአምሳሉ ወልደ ሰንበት፤ ጁባ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ የሰኔ ዝናብ የሉማሜን መሬት እንደሚያርሰው ሁሉ የፈጣሪ ቸርነት አንተንም ያርስህ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ? ያ ወባ ተመልሶ አልጎበኘህም? ባለቤትህ ሂዊስ እንዴት ናት? ትንሿ ወንጌላዊትስ? ጥርስ አወጣች ብለኸኝ ነበር፤ እንግዲህ አሁን ትናከሳለች ማለት ነው። እኛ መድኃኔዓለም ክብሩ ይስፋና ደህና ነን። እናታችን እማሆይ ጉልበታቸው ቢያስቸግራቸውም ምላሳቸው ደህና ነው። ባለቤቴ ፈንታም ዘር ጨርሶ ገብቷል።

ይህን ወሬ በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ ተውኩት። ስልክ ችኩል ነው፤ «እሺ እታለም፣ እሺ፣ ሰምቼሻለሁ» እያልክ ትዘጋብኛለህ። ይህ ደግሞ እንደ ጥሩ ጠላ ቀስ ተብሎ የሚጠጣ ነው። ስለዚህ አረፍ በል። ቁጭ ብለሃል? ጌቱ ተዋረደ።

የትኛው ጌቱ እንዳትለኝ። ደብረ ማርቆስ አንተ ጥሩምባ ትነፋበት የነበረው የሙዚቃ ቡድን አለቃ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሙ በዚህ ቤት ሲነሳ ውሻው እንኳ የሚያጉረመርምበት ጌቱ። እዚሁ ግቢያችን፣ እኔ ጤፍ ሳበጥር አጠገቤ ተቀምጠህ ያወጣሃትን ዜማ የራሴ ናት ብሎ የወሰደው ጌቱ። ከደጀን ወደ አባይ እንደሚወርድ አውቶቡስ እየተጠማዘዘች ስለምትወርድ እኔ «ቁልቁለት» ያልኳትን ዜማ። መውጫዋን፣ ድልድዩን ተሻግራ ወደ ጎሐ ጽዮን የምትወጣበትን ዳገት፣ ለቡድኑ ሳታሳያቸው ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ስለዚህ ዳገቱን የምናውቀው የዚህ ቤት ሰዎች ብቻ ነን። ይህን ያዝልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል።

«የኔ ናት» ብለህ አፍ ብታወጣ፣ ለልምምድ ቤትህ ውሰዳት ብሎ በገዛ አፉ የሰጠህን ጥሩምባ ሰረቀ ብሎ አሳደደህ። ቅዳሜ ገበያ ነበር። ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ቦርሳህን ከፍቶ፣ ጥሩምባዋን አንጠልጥሎ «ሌባ!» ሲል ድምፁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረሰ። አባባ ጭራቸውን ይዘው እዚያው ቆመው ነበር። መልስ አጥተው የማያውቁ የቅኔ መምህር፣ ያን ቀን የተናገሩት «ልጄ ሌባ ከሆነ ትምህርቴ ነው ሌባ» የምትል ቃል ብቻ ነበረች። በሳምንቱ አንተ ሄድክ፤ በኅዳር እሳቸው ሄዱ። እኔ ቀረሁና ቂሙን ያዝኩ። አንድ ሰው መያዝ ነበረበት።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ከጁባ በሹፌር እጅ የላክሃት ጥሩምባ ሦስት ዓመቷ ነው። ሔዋን መጀመሪያ የነፋች ቀን ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡና «ማን ሞተ?» አሉ። የእድሩ ጥሩምባ መስሏቸው ነው። ለአንድ ወር የሰፈሩ ሰው ሲደነግጥ ከረመ፤ አሁን ለምደው፣ ካልነፋች ነው የሚደነግጡት። ልጅቱ አሥራ ስድስት ሞላት። ከንፈሯ ያንተን ይመስላል፣ እልኳ የኔን።

በግንቦት አስተማሪዋ ወረቀት ይዞ ሻይ ቤት መጣ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሙዚቀኞች ወጣቶችን ደብረ ማርቆስ ላይ ፈትነው፣ ያለፉትን በክረምቱ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አምስት ሳምንት እያበሉ እያሳደሩ ጃዝ ያስተምራሉ አለ። ከእኛ በኩል የሚወስዱት አራት ልጅ ብቻ ነው። ፈንታ «ልጅቱን ብቻዋን? አባይ ማዶ?» ብሎ አጉረመረመ። እኔም ጃዝ ምንድን ነው አልኳት። «እማ፣ ዜማውን ይሰጡሻል፣ መንገዱን አንቺ እዚያው ታበጂለታለሽ። እንደ አያቴ ቅኔ በይው» አለችኝ። እንደ ቅኔ ከሆነማ ሂጂ አልኳት።

እውነቱን ልንገርህ አይደል? የጌቱ ልጅ ዘማርያም እንደሚፈተን የሰማሁ ዕለት ከልጄ ይልቅ እኔ ባሰብኝ። «ማለፍሽ ጥሩ ነው፣ እሱን መጣልሽ ግን ይበልጣል» አልኳት። እማሆይ ከመደባቸው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን ሳያቆሙ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ስስል ማን ምን ሆንሽ ብሎኝ ያውቃል እናቴ፣ ብዬ መለስኩላቸው።

እንግዲህ እግዜር ቂመኛን መጀመሪያ በራሷ እጅ ነው የሚቀጣት። በዋዜማው፣ የጥሩምባዋ ቁልፎች እንዲላሉላት ብዬ፣ ልጅቱ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት የኑግ ዘይት አጠጣኋቸው። የበር ማጠፊያ የሚያላላ ዘይት ጥሩምባ ምን ያደርጋል አልኩ። በሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ሰኞ፣ ደብረ ማርቆስ ብቻዋን ተነስታ ስትነፋ መካከለኛው ቁልፍ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ። አንዴ ተጫነ፣ አልነሳም አለ። ልጄ በሁለት ቁልፍ እየተንገዳገደች ጨረሰች። ከፈታኞቹ አንዷ፣ ማርያማዊት የምትባል ፒያኖ ተጫዋች፣ አንገቷን ነቀነቀች፤ ሌላው ሽበታም ሰውዬ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገ። የቀራት ከምሳ በኋላ ያለው የጋራው ፈተና ብቻ ነው። በዚያ ራሷን ካላዳነች አለቀላት። እኔ ነኝ የገደልኳት አምሳልዬ፣ በኑግ ዘይት።

ግቢው ውስጥ በሙቅ ውኃና በሳሙና ስናጥብ አንድ ረጅም ልጅ መጣ። «የጥሩምባ ዘይት አለኝ፣ ይህን ተጠቀሚ» ብሎ ትንሽ ብልቃጥ ለሔዋን ዘረጋላት፤ ቁልፎቹንም አብሯት ፈታ። ቀና ብዬ ሳየው ቁርጥ አባቱን። ዘማርያም ነው። ከዚያ ዓይኔ ልጁ በያዛት ጥሩምባ ላይ ዐረፈ። ደጀን ላይ ከአውቶቡስ ጣሪያ ወድቃ አፏ ላይ የተሰረጎደችውን ታስታውሳታለህ? ስርጉዷ እንዳለ ነው። የቡድኑ ንብረት ናት ብሎ ከእጅህ የነጠቃትን፣ ቡድኑ ሲፈርስ ቤቱ አስገብቶ ለልጁ ሰጥቷት ኖሯል! ደሜ ፈላ። ልጁን ግን አመሰገንኩት፤ አፌ እንደምንም ታዘዘልኝ።

ከምሳ በኋላ ልጆቹን በክብ አስቀመጧቸው። አንዱ የቤቱን ዜማ ይዞ ይጀምር፣ ጎኑ ያለው ይቀበለው፣ እየለወጠ ያሳድገው ተባለ። ወላጆች ከኋላ አግዳሚ ላይ ነን። ጌቱ ሁለት መደዳ ቀድሞኝ ተቀምጧል፤ ማጅራቱ ወፍሯል። ዘማርያም ተነሳና «ይህን አባቴ ነው የደረሰው» ብሎ ጀመረ። ቁልቁለት ናት። ያንተው ዜማ፣ በዚያችው ጥሩምባ። አነፋፉን አልደብቅህም፣ ያምራል። እየተጠማዘዘ፣ እየወረደ፣ ወንዙ ዳር ደረሰና ቆመ። ከዚያ ወዲያ አባቱ አላስተማረውም፤ አባቱስ መች አውቆት።

አባባ የሰው ቅኔ ተሸክሞ መጥቶ የኔ ነው የሚል ተማሪ ሲገጥማቸው የሚያደርጉትን ታስታውሳለህ? አይገርፉትም፣ አይቆጡትም። ቤት ሳይመታ ቀድመው በለሆሳስ ይጨርሱለታል። ያ ተማሪ በማግስቱ ኮሮጆውን አንግቶ ደብር ይቀይራል። አያቷ ሲሞቱ ሔዋን ገና ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ይህን ግን እማሆይ አጫውተዋታል። ልጁ ዜማውን ከላይ ሊደግም ትንፋሽ ሲስብ እሷ ጥሩምባዋን አነሳች። ወደኔ ዞር አላለችም። ከድልድዩ ተነስታ ዳገቱን ወጣችው። ቀስ ብላ፣ እንደ ተጫነ መኪና እያቃሰተች፣ ከዚያ በየኩርባው እየሰፋች፣ አንተ ያላሰብከውን መንገድ ሁሉ እየጨመረችበት፣ አፋፉ ላይ ወጥታ አሳረፈችው።

ማርያማዊት ሁሉንም አስቆመችና ዘማርያምን መጨረሻው እንዲህ ነው ወይ አለችው። ልጁ ዞሮ አባቱን አየ። ጌቱ «አዎ… አይ፣ የኔ እንኳ ሌላ ነው» አለ። እንግዲያው ያንጎራጉሩልን ጌታዬ፣ አለችው በትሕትና። አምሳልዬ፣ ሳል ያዘው! ሳል፣ እማሆይ ይሙቱ! ሲስል ሲስል እኔ ብድግ አልኩ። ፈንታ ነጠላዬን ይጎትታል። «እኔ ላንጎራጉርልሽ የኔ ልጅ፣ ወንድሜ አምሳሉ ያወጣው ነው» ብዬ ዳገቱን ከመነሻው ጀመርኩት። መሐል ላይ ድምፄ ሲቆራረጥ፣ በሠርጉ ቀን እንኳ ያልዘፈነው ፈንታ፣ ነጠላዬን እንደያዘ በአፍንጫው ተቀበለኝ።

ከዚያ ወደ ጌቱ ዞርኩ። ዘጠኝ ዓመት ያሰብኩት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም፣ የመጣልኝ የአባባ ልጅነቴ ነው። «ያቺ ጥሩምባ የቡድኑ ከሆነች ቤትህ ምን ትሠራለች? ያንተ ከሆነች በገዛ አፍህ የሰጠኸው ወንድሜ ምን ሰረቀ?» አልኩት። ፊቱ ከሰል መሰለ። ተነስቶ በጎን በር ወጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኃጢአት ነው ትለኝ ይሆናል፤ ይሁን፣ ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸው ስግደት ሰጥተውኛል፣ እየሰገድኩ እንኳ ፊቱ ትዝ ሲለኝ ሳቄ ይመጣል።

ልጁ ግን እዚያው ክቡ ውስጥ አቀርቅሮ ቀረ። ያ ዘይት የሰጠን ልጅ። አላዘንኩለትም ብልህ እዋሻለሁ፤ አዝኜ ቂሜን ተውኩ ብልህም እዋሻለሁ። ውጤቱ ሲነበብ ሔዋን አንደኛ ተጠራች፤ እልል አልኩ። አራተኛ ዘማርያም ተባለ። እልልታዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሽበታሙ ሰውዬ «ዜማው የሱ ባይሆን ትንፋሹ የራሱ ነው» አለ። በአውቶቡስ ስንመለስ ስነጫነጭ ልጄ «እማ፣ እሱ ምን አደረገሽ?» አለችኝ።

እሑድ ሦስት ሽማግሌ ከሻይ ቤቴ ደጃፍ ቆሙ። ዘማርያም ጥሩምባዋን አባቱ ጭን ላይ አስቀምጦ፣ የሰው ከሆነች መልስ፣ እስክትመልስ አልነፋም፣ ቢሾፍቱም አልሄድም ብሎታል። ጌቱ ካሳ ልክፈል ይላል አሉኝ። ገንዘቡን ይዋጠው፤ ካሳዬ ጥሩምባዋ ናት፣ እሷን ይዞ በቅዳሜ ገበያ፣ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ቦታ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ቦርሳውን በገዛ እጁ ይክፈት አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ይህች የመምህር ወልደ ሰንበት ልጅ ናት» አለ አንዱ፣ እንደ ሙገሳም እንደ እርግማንም አድርጎ።

ትናንት መጣ። ከነልጁ። ወያላው «ማርቆስ፣ ማርቆስ» ማለቱን ተወ። እማሆይን በወንበር አውጥቼ፣ አባባ ቆመውበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ጌቱ ቦርሳውን ከፍቶ «አምሳሉ ሌባ አይደለም» አለ በጥርሱ መሐል። «አልሰማሁም ወንድም ጌታ፤ ያኔ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የተሰማኸው» አልኩት። ጮኸ፤ «አምሳሉ ሌባ አይደለም! ዜማው የሱ ነው! ጥሩምባዋንም እኔ ነኝ የሰጠሁት!» እህል ሸማቹ፣ ሹፌሩ፣ በግ ነጂው፣ ሁሉ ሰማ። እማሆይ አማተቡና ቀስ ብለው «ወልደ ሰንበት፣ ሰማህ?» አሉ። ያን ጊዜ ብቻ አለቀስኩ።

ጥሩምባዋን ተቀበልኩና ወደ ዘማርያም ዞርኩ። አውሼሃለሁ፣ ይዘሃት ቢሾፍቱ ሂድ አልኩት፤ ልጁ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ። ሰው ሁሉ ደግ ሴት አለኝ። አንተ ግን እንዳትሳሳት፣ ደግነት አይደለም። ልጁ በነፋ ቁጥር የማን ጥሩምባ በማን ፈቃድ እንደሚነፋ ጌቱ ጆሮው ይስማው ብዬ ነው። መላሿም ጌቱ ራሱ እንዲሆን አስምዬዋለሁ፤ ፍልሰታ በተፈታበት ሳምንት፣ ነሐሴ 21 ቅዳሜ፣ በዚያው አውቶቡስ። ሁለቱ ልጆች ግን ምን ገዷቸው፣ እዚያው ደጃፌ ላይ አንዱ ቁልቁለቱን ሌላዋ ዳገቱን ተያያዙት። እትዬ ወለተ ኢየሱስ፣ ለምደው የነበሩት፣ ሁለት ጥሩምባ ባንዴ ሲሰሙ ከአጥር ማዶ «ኧረ ማን ሞተ?» ብለው ጮኹ። «ሌባ የሚለው ስም ሞተ፣ ይምጡ አብረን እንቅበረው» አልኳቸው።

ነሐሴ 21 ጌቱ ጥሩምባዋን የሚያስረክበው ለእኔ አይደለም። እጄን አልዘረጋም። አንተ ትዘረጋለህ። ዘጠኝ ዓመት ያልመጣህበት ምክንያት ትናንት በገበያ መሐል ተነስቷልና ሂዊንና ልጅህን ይዘህ ና።

እማሆይ ዓይንህን ሳላይ አልሞትም ይሉሃል፤ መቁጠሪያም ቋጥረውልሃል። ፈንታ እጅ ነስቷል፣ ከበጎቹ አንዱን በስምህ ነጥሎታል። ሔዋን ዳገቱ ላይ የጨመርኩበትን ሳይሰማ እንዳይቆጣኝ በይልኝ ብላሃለች። እትዬ ወለተ ኢየሱስም ሰላም ብለውሃል። ሂዊን በሁለት ጉንጯ፣ ወንጌላዊትን በእግሯ መዳፍ ሳምልኝ፤ አክስት አለችሽ በላት።

እጇን ያልዘረጋች እህትህ፣
የብርጓል ወልደ ሰንበት

ሉማሜ፣ እሑድ ሰኔ 26 ቀን 2014 ዓ.ም.