«ነይ» እና «ና»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ።

ገና ለገበያ ያልወጣው የመጀመሪያ አልበማችሁ ትናንት ደረሰን። ሽፋኑ ላይ የመቃብር በር አለ፤ ከፊቱ አምስታችሁ፣ ፊታችሁን አመድ አስመስላችሁ ቆማችኋል። ዘፋኛችሁ ቁራው የለበሰውን ጥቁር ካባ አባባ ወዲያው ለየው። «ስፌቱ የእኔ ነው» አለ።

እዚያው ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ የስፌት መኪናውን አቁመን አዳመጥነው። ጊታርህ ግድግዳ ያፈርሳል። አልዋሽህም፣ ኮራሁ፤ አራተኛው ዘፈን እስኪጀምር ድረስ።

እማዬ በሞተች በሳምንቱ የጻፍኩት ግጥም ነው። «በሩ ክፍት ነው፣ ነይ» ነበር የሚለው። ቁራው ግን «ና» እያለ ይጮኻል።

አባባ መቀሱን አስቀምጦ «ማንን ነው የሚጠራው?» አለኝ።

«ሞትን።»

«ሞት ደግሞ መቼ ነው ጥሪ ጠብቆ የሚያውቀው?»

መቀሱን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በደብዳቤህ «ወንድ ሲዘፍነው ‹ነይ› የፍቅር ዘፈን ይመስላል፤ ሮክ ደግሞ ጨለማ ይፈልጋል» ብለሃል። የእናትን ባዶ አልጋ ከማንጠፍ የባሰ ምን ጨለማ አለ? ወንድ ልጅ እናቱን ነይ አይልም? ሰዋስው ስለማስተምር አይደለም የተቆጣሁት። እኔ እማዬን ስጠራ፣ አንተ የወሰዳትን ጠራኸው፤ ያውም በእኔ ግጥም፣ ሳትጠይቀኝ። ማነው እንዲህ የልብ ልብ የሰጠህ?

ያን ሰሞን ስቱዲዮ ሆነህ ሳትደርስላት መቅረትህን አንድ ቀን አንስቼብህ አላውቅም። ዛሬም አላነሳም።

ከአልበሙ ጋር የላክኸውን የፈቃድ ወረቀት አልፈረምኩም። አሳታሚው ያለ እኔ ፊርማ ዘፈኑን እንደማያወጣ አውቃለሁ፤ እንቅልፍ እንደምታጣም አውቃለሁ። ስሜን ከፈለግህ ፋቀውና የራስህን ጻፍበት፤ ቅንጣት አይቆጨኝም። «ነይ»ን ግን ትመልሳለህ። ቁራው ካፈረ አንተ ራስህ ዝፈነው። ድምፅህ ቢሰበር ይሰበር። እሱንም ካልቻልክ ዘፈኑን ከአልበሙ አውጣው።

እግዜር ጣቶችህን ይጠብቅልህ፤ ልብህንም ይመልስልህ። አባባ ሰላም ብሎሃል። እኔ ገና አላልኩም።

እህትህ