ያለ ቀይ የተሰፋው ሰፌድ

ሆዮ፣ እናቴ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። እኛ ደህና ነን። ስትነዘንዢን የኖርሽበት የግቢ በር በስተመጨረሻ ታደሰ። መንደሩ መግቢያ ላይ የባጃጁ ጩኸት ብሷል። ያንቺን ክፍል ግን ቀለም አላስቀባሁትም፤ የስፌት ሣርሽም እንደተወሽው ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ቤቱ ላወራሽ አይደለም። እንዴት እንደተበቀልኩልሽ ልነግርሽ ነው።

ነጃትን ታስታውሻታለሽ፣ አዲስ አበባ ያደገችውን፣ ከዚራ ሰፈር የስጦታ ዕቃ ሱቅ ያላትን። ሰፌድ ታዝሽና ገና ሳምንት ሳይሞላው አልደረሰም ወይ እያለች ትመላለስ ነበር። አንቺ ደግሞ ቀለም የነከርሽው ሣር ውሃ ጠጥቶ ካልለሰለሰ ወስፌ አታነሺም። እሷ ስትቁነጠነጥ አንቺ ሻይ ትጨምሪላት ነበር።

ለተዕዚያሽ፣ ለለቅሶሽ፣ መጣች። አለቀሰች፤ እኔም አቅፌያት አለቀስኩ። ለካ በዚያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰፌድሽን በስልኳ አንስታዋለች። አባቴ የሞተ ጊዜ ኢዳሽን፣ የባል ሐዘንሽን፣ ተቀምጠሽ የሰፋሽውን፣ ቀይ የሌለበትን፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነውን። ከቤት በማትወጪበት በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ሊያጽናኑሽ የሚመጡት የሰፈራችን የመጋላ እናቶች እያዩ ዙር በዙር ላይ እየጨመርሽ የጨረስሽው ነው። ምግብ ቀርቦበት አያውቅም።

ወራት አልፈው ሱቋ በር ላይ አየሁት። ፕላስቲክ ትሪ ላይ ታትሟል። ትራስ ላይም፣ የሰርግ ጣፋጭ ማሸጊያ ላይም አለ፤ ከሥሩ የእሷ ስም ተጽፎበታል። ደሜ ፈላ። ገብቼ ይሄ የእናቴ ነው አልኳት። የሐዘን ሰፌድ መሆኑን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ፈገግ ብላ፣ "የባህል ነገር ባለቤት የለውም፣ እህቴ" አለችኝ። ዋጥኩት። እንግዲያው ትሽጠው ብዬ ወጣሁ።

እህቷን ስትድር የሴቶቹን ግብዣ ከዳር እስከ ዳር በዚያው በሰፌድሽ ጥለት አስጌጠችው። እኔንም ጠርታኝ ስለነበር ጥሩ ልብሴን ለብሼ፣ ጎረቤታችንን ኤዶ ሳፊያን ይዤ ሄድኩ። ኢዳሽን ስትቀመጪ ከጎንሽ ያልተለየችው እሷ እንደሆነች አንቺ ታውቂያለሽ፤ አስቤበት ነው የወሰድኳት። ሐልዋው በዚያ ትሪ ሲቀርብ ኤዶ ሳፊያ የዘረጋችውን እጇን መለሰች። "ይሄ የሐዋ የኢዳ ሰፌድ ነው። ከዚህ ላይ አልበላም" አለች፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። ነገሩ ከአንዷ ጆሮ ወደ ሌላዋ ሄደ። ትልልቆቹ ሴቶች ሻርፓቸውን እየሳቡ ተነሱ። የሙሽራዋ እናት ነጃትን ምን አመጣሽብን ብላ አለቀሰች። ሙሽራዋ ምንም አላጠፋችም፤ ለእሷ አዝኛለሁ። ለነጃት ግን ቅንጣት አላዘንኩም። ሐልዋዬን ጨርሼ በላሁ፣ ሆዮ።

ከዚያ ወዲያ የመጋላ ሰው ዕቃዋን መለሰባት። አንገቷን ደፍታ ቤታችን መጣችና፣ ለሰርግ የሚሆን፣ ቀይ ያለበት፣ እውነተኛ የእጅ ስፌት ሥሪልኝ አለችኝ። እኔ አልሰፋልሽም፣ ከፈለግሽ ተቀምጠሽ ተማሪ አልኳት። ተቀመጠች። ይኸው አሁን ያንቺ ቦታ ላይ ናት፤ ጣቷ በወስፌ ተበሳስቷል፣ ወገቤን እያለች ታቃስታለች። መቼ ነው የሚያልቀው ብላ መጠየቅም ትታለች። ሰፍታ ስታሳየኝ ጠማማ ነው፣ ፍቺው እላታለሁ። ትፈታለች። ባለፈው ያመጣችው ግን ቀጥ ያለ፣ ጥብቅ ያለ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቆንጆ ነበር።

ፍቺው አልኳት።

አንቺ ብትሆኚ ይበቃታል ትዪኝ ነበር፤ አውቃለሁ። እኔ ገና አልበቃኝም። አልረሳሽም፣ ሆዮ። እሷም እንዳትረሳሽ አደርጋለሁ።